ይዞ የሚለቅ፦ የዓሣ ማጥመጃ ሪል የፍሬን ሮንዴላ አነዳደፍና ማጠናከሪያ

የዓሣ ማጥመጃ ሪል ፍሬን የተሠራው ዓሣን ገትሮ ለማቆም አይደለም፤ ውጥረቱ ክሩን ወደሚበጥስበት ልክ ሳይደርስ እንዲለቅ ነው። 10 ኪሎ የሚሸከም ክር 30 ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ሊያወጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ዓሣው በኃይል ሲሮጥ ክር የተጠቀለለበት ከበሮ እየተጎተተ ይዞራል፣ ክሩም ይሄዳል፤ ሩጫው ሲበርድ አጥማጁ መልሶ ይጠቀልላል። በዚህ መስጠትና መቀበል መካከል የክሩ ውጥረት ከልኩ እንዳያልፍ የሚጠብቁት በሪሉ ሆድ ውስጥ ተደራርበው የሚቀመጡ ስስ ሮንዴላዎች ናቸው። ጋራዥ ውስጥ ፍሪሲዮን የሚባለው የመኪና ክፍል የሚሠራበት መርህም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሁለት ገጾች ተጫጭነው አብረው ይዞራሉ፤ ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ልዩነቱ የመኪና ፍሪሲዮን ብዙውን ጊዜ እንዳይንሸራተት ሲፈለግ፣ የሪል ፍሬን ግን ሙሉ ሥራውን የሚሠራው እየተንሸራተተ መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለ የውስጥ ፍሬን ያልነበራቸው የቀድሞ የአሜሪካ ሪሎች እጀታቸው ከከበሮው ጋር ያለማቋረጥ የተያያዘ ነበር። ዓሣው ሲሮጥ እጀታው ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የአጥማጁን ጣት ይመታል፤ ፍሬኑም በአውራ ጣት ከበሮው ላይ የሚጫን ቁራጭ ቆዳ ነበር። ቻርልስ ፍሬድሪክ ሆልደር እ.ኤ.አ. በ1898 በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ካታሊና ደሴት አጠገብ 183 ፓውንድ ወይም 83 ኪሎ የሚመዝን ቱና ያወጣው በእንዲህ ያለ መሣሪያ ነው። የአቫሎን ቱና ክለብም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። የክለቡ አባል ዊልያም ቦሽን፣ እጀታው ወደ ኋላ የማይዞርና ፍሬኑ በውስጡ የተሸሸገ ሪል እንዲሠራለት ሐሳቡን ለብሩክሊኑ ሪል ሠሪ ለጁሊየስ ቮም ሆፍ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1913 ቦሽን በተሠራለት ሪል 355 ፓውንድ፣ ማለትም 161 ኪሎ የሚመዝን ሰይፍ ዓሣ ካታሊና አጠገብ አወጣ። ከዚያ በኋላ ኦቶ ሄንዝ እ.ኤ.አ. በ1932 በፊላደልፊያ የፔን ኩባንያን አቋቋመ፤ በ1936 ገበያ ላይ የዋለው የፔን ሴናተር ሪልም ይህንኑ አሠራር ለብዙኃኑ አጥማጅ አዳረሰው። የፍሬን ሮንዴላ በልክ የሚያሠሩ ሰዎች ዛሬም አብዝተው የሚያነሡት እንዲህ ያሉ ሪሎችን ነው። አካላቸው ለአሥርት ዓመታት ይበረክታል፤ በውስጣቸው ያሉት ሮንዴላዎች ግን ቀድመው ያረጃሉ።

በኮከብ ቅርጽ ዳዶ በሚጠብቅ፣ ባለኮከብ በሚባል ሪል ውስጥ ፍሬኑ የሚገኘው በዋናው ጊር ሆድ ነው። ዋናው ጊር እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተቦረቦረ ሲሆን በመካከሉ የእጀታው ዘንግ ያልፋል። ጊሩ ከዘንጉ ጋር በቁልፍ አልተያያዘም፤ የሚያገናኛቸው ሰበቃ ብቻ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ዓይነት የብረት ሮንዴላዎች እየተፈራረቁ ይደረደራሉ። አንደኛው ዓይነት ቀዳዳው ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ዘንጉን ጨብጦ ከዘንጉ ጋር ይውላል፤ ዘንግ ያዥ ሊባል ይችላል። ሁለተኛው ቀዳዳው ክብ ነው፤ በውጭ ጠርዙ ግን ጆሮዎች አሉት፤ ጆሮዎቹ ጊሩ ላይ በተፈለፈሉ ስንጥቆች ስለሚገቡ ከጊሩ ጋር ይዞራል። በሁለቱ መካከል እንደ መኪና የፍሬን ሸራ የሚያገለግል ለስላሳ ሮንዴላ ይገባል፤ እሱም ሸራ ይባል። ከላይ ኮከብ ቅርጽ ያለው ዳዶ ሲጠብቅ ድርድሩ ሁሉ ይጨመቃል። ዘንጉ በመቆለፊያ ምላስ ምክንያት ወደ ኋላ መዞር ስለማይችል፣ ዓሣው ሲጎትት ጊሩና ባለጆሮዎቹ ሲዞሩ ዘንግ ያዦቹ ቆመው ይቀራሉ።

ከዚህ አቀማመጥ አንድ ደንብ ይወጣል፤ በጉድጓዱ ውስጥ የሚገቡት ሸራዎች ቁጥር ጎዶሎ መሆን አለበት፤ 3፣ 5 ወይም 7። የመጀመሪያው ሸራ በጊሩ ወለል ላይ ያርፋል፣ በላዩ ዘንግ ያዥ፣ ከዚያ ሸራ፣ ከዚያ ባለጆሮ እያለ ይቀጥላል። ጎዶሎ ሲሆን የላይኛው ብረት ዘንግ ያዥ ይሆናል፤ ኮከቡ የሚጫነው በማይዞር ገጽ ላይ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ሙሉ ከሆነ ግን ኮከቡ የሚጫነው ከጊሩ ጋር በሚዞር ባለጆሮ ላይ ይሆናል። ያኔ ዓሣው በሮጠ ቁጥር ኮከቡ እየተጎተተ ፍሬኑ በራሱ ሊጠብቅ ወይም ሊላላ ይችላል። ከጊሩ ሥር፣ በጊሩና በዘንጉ ከንፈር መካከል፣ አንድ ተጨማሪ ሸራ ማስገባት የተለመደ ሲሆን እሱም እንደ አንድ የሰበቃ ገጽ ይቆጠራል።

የፍሬኑን የመጠምዘዝ ኃይል የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፦ የሸራዎቹ ብዛት፣ የሰበቃው መጠን፣ ኮከቡ የሚፈጥረው ጭነትና የሸራው አማካይ ሬዲየስ። አራቱ ተባዝተው ኃይሉን ይሰጣሉ። ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር የሸራው የገጽ ስፋት ከቀመሩ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ሰፊ ሸራ ጭነቱን ስለሚያከፋፍል መበላትንና ሙቀትን ይቀንሳል፤ አማካይ ሬዲየሱ ካልተለወጠ ግን በስፋቱ ብቻ የበለጠ አይዝም።

ቀመሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከበሮው ሙሉ ሳለ ሬዲየሱ 30 ሚሊሜትር የሆነ፣ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ከበሮው 4 ጊዜ የሚዞርበት ሪል ይወሰድ። ከክሩ ላይ 6 ኪሎ፣ ማለትም 59 ኒውተን ገደማ ውጥረት ይፈለጋል። ከበሮው ላይ የሚያስፈልገው 1.77 ኒውተን ሜትር ነው፤ ፍሬኑ ግን ያለው በዋናው ጊር ላይ ስለሆነ በ4 ተባዝቶ 7.1 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ፈጣን ጊር ያለው ሪል ጠንካራ ፍሬን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የሸራው የውጭ ዲያሜትር 26፣ የውስጡ 10 ሚሊሜትር ቢሆን አማካይ ሬዲየሱ 9 ሚሊሜትር ነው። ጉድጓዱ ውስጥ 5፣ ከጊሩ ሥር 1 ሸራ ቢኖር፣ የሰበቃው መጠንም 0.2 ቢሆን፣ ኮከቡ ወደ 650 ኒውተን መጫን ይኖርበታል። ይህም ከ66 ኪሎ ክብደት ጋር የሚመጣጠን ጭነት ነው፤ የሚሸከሙትም ትንሽ ዳዶና ቀጭን ዘንግ ናቸው።

ፍሬኑን ለማጠንከር መጀመሪያ የሚታሰበው ኮከቡን ይበልጥ ማጥበቅ ነው፤ ይህ ግን የዘንጉን ጥርስና የእጀታውን አካል ይፈትናል። የተሻለው መንገድ የሸራዎቹን ቁጥር መጨመር ነው። ጉድጓዱ ጥልቀቱ 8 ሚሊሜትር ከሆነ 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው 5 ሸራዎችና 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው 4 ብረቶች ይሞሉታል። በዚያው ቦታ 0.5 ሚሊሜትር የሆኑ 7 ሸራዎችና 0.75 ሚሊሜትር የሆኑ 6 ብረቶች ይገባሉ፤ ድምሩ አሁንም 8 ሚሊሜትር ነው። የላይኛው ወፍራም ዘንግ ያዥ በሁለቱም ስሌት አልተቆጠረም። ከጊሩ ሥር ካለው ጋር የሰበቃው ገጾች ከ6 ወደ 8 ያድጋሉ። ያኔ ለ6 ኪሎ ውጥረት የሚያስፈልገው የኮከብ ጭነት ከ650 ወደ 490 ኒውተን ገደማ ይወርዳል፤ ጭነቱ እንደ ቀድሞው ቢቆይ ደግሞ ውጥረቱ ወደ 8 ኪሎ ይወጣል።

ፍሬኑ በእኩል ኃይል ቢይዝም በክሩ ላይ ያለው ውጥረት እኩል ሆኖ አይዘልቅም። ዓሣው ክር ሲወስድ ከበሮው ላይ ያለው ክር ይሳሳል፣ ሬዲየሱም ይቀንሳል። ከ30 ወደ 20 ሚሊሜትር ሲወርድ ማንም ኮከቡን ሳይነካው 6 ኪሎ የነበረው ውጥረት 9 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ የፍሬን ንድፍ ሲታሰብ የሚሰላው ከበሮው ሙሉ ሳለ ብቻ ሳይሆን ባዶ ለመሆን ሲቃረብም ነው።

ከጥንካሬው ይልቅ ክር የሚበጥሰው ግን የአነሣሥ መያዝ ነው። ሁለት ገጾች ተጫጭነው ሲቆዩ ለመንቀሳቀስ የሚጠይቁት ኃይል ከተንቀሳቀሱ በኋላ ከሚጠይቁት ይበልጣል። ልዩነቱ ግማሽ ያህል ከሆነ፣ በ6 ኪሎ እየተንሸራተተ የሚሄድ ፍሬን ለመነሣት 9 ኪሎ ይፈልጋል፤ 8 ኪሎ የሚሸከም ክር በመጀመሪያው መንጨቅ ይበጠሳል። ከዚያም ባለፈ ፍሬኑ ይዞ እየለቀቀ፣ ይዞ እየለቀቀ ሲንገጫገጭ የመንጠቆው ቀዳዳ በዓሣው አፍ ውስጥ ይሰፋል። ጥሩ ሸራ የሚባለው እንግዲህ ብዙ የሚይዘው ሳይሆን የሚነሣበትና የሚሄድበት ኃይል የተቀራረበው ነው።

የሸራ ቁሳቁስ ታሪክም በዚህ መለኪያ ሊነበብ ይችላል። በዘይት የራሰ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይጠነክራል፣ ይንሸራተታልም። ዘይት የጠጣ የሱፍ ንጣፍ ለቀላል ሪል እስካሁን ያገለግላል፤ በከባድ ጭነት ግን ይጨመቃል። ቡሽም እንዲሁ ነው። ለመኪና ፍሬን የሚሠራው ዓይነት ጠንካራ የተሸመነ ሸራ ብዙ ይይዛል፤ የአነሣሥ መንጨቁ ግን ጎልቶ ይታያል። ቴፍሎን በተቃራኒው አነሣሡ እጅግ ለስላሳ ነው፤ የሰበቃው መጠን ዝቅተኛ ስለሆነ ግን ከባድ ጭነት ይፈልጋል፤ ጭነቱ ሲበዛና ሲሞቅም እንደ ሰም ወደ ዳር ይፈሳል። በአሁኑ ጊዜ ሰፊውን ቦታ የያዘው የተሸመነ የካርቦን ፋይበር ነው፤ ፔን ኤችቲ-100 በሚል ስም የሚሸጠው የዚህ ምሳሌ ነው። ካርቦን ሙቀትን ይችላል፣ በጭነት አይፈስም፣ በመነሣትና በመሄድ መካከል ያለው ልዩነትም ጠባብ ነው። የቆዩ ሪሎች ሲፈቱ ግን አሮጌው ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ መፋቅም ሆነ በአየር መንፋት አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይወገዳል።

ፍሬን የዓሣውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ መጠኑም ውጥረቱ በተጎተተው ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው። በ59 ኒውተን ውጥረት 150 ሜትር ክር ቢሄድ 8,850 ጁል ሙቀት ይፈጠራል። ሩጫው በሰከንድ 5 ሜትር ከሆነ ይህ ሁሉ የሚፈጠረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ 295 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ አንድ ጭብጥ በማይሞላ ብረት ውስጥ እንደ ማብራት ይቆጠራል። ጊሩና ሮንዴላዎቹ ተደምረው 80 ግራም ቢመዝኑና ሙቀቱ ምንም መውጫ ባይኖረው የሙቀት መጠናቸው ከ200 ዲግሪ በላይ በጨመረ ነበር። በተግባር ወደ ዘንጉና ወደ ሪሉ አካል እየተላለፈ ይበርዳል፤ ሆኖም ሱፍን ለማሳረርና ቴፍሎንን ለማለስለስ የሚበቃው ይቀራል። የገጽ ስፋት ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሰፊ ሸራና ወፈር ያለ ብረት የበለጠ ሙቀት ተቀብለው በዝግታ ይሞቃሉ።

ሸራው ሲሻሻል ድካሙ ወደ ብረቶቹ ይዞራል። በምሳሌው ሪል ውስጥ 7.1 ኒውተን ሜትር ለ6 ገጾች ሲከፈል፣ ግራና ቀኙ ሸራ ያለው አንድ ብረት የ2 ገጾችን ድርሻ፣ ማለትም 2.35 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሸከማል። ባለጆሮው ይህን የሚይዘው ከመሐል 14 ሚሊሜትር ርቀው ባሉ ሁለት ጆሮዎች ስለሆነ በእያንዳንዱ ጆሮ ላይ የሚያርፈው 84 ኒውተን ገደማ ነው። ዘንግ ያዡ ግን ያንኑ የሚይዘው በጠባብ ቀዳዳ ነው። ዘንጉ 10 ሚሊሜትር፣ በጠፍጣፋ ጎኖቹ መካከል 7 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ኃይሉ በሁለት ማዕዘኖች ላይ ተሰብስቦ በእያንዳንዳቸው 330 ኒውተን ገደማ ይደርሳል። አራት እጥፍ ማለት ነው። በብዙ ሪሎች ጆሮዎቹ ደህና ሆነው ቀዳዳው ተበልቶ፣ ጠፍጣፋነቱ ወደ ክብነት ሲያደላ የሚገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማጠናከሪያ ከቀዳዳው ይጀምራል። ዘንግ ያዡ ከባለጆሮው ወፈር እንዲል ይደረጋል፤ ቀዳዳው ዘንጉን ያለ ሰፊ ክፍተት እንዲጨብጥ ይቆረጣል፤ የውስጥ ማዕዘኖቹም ስለታም ከመሆን ይልቅ በመጠኑ ይክበባሉ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከስለታም ማዕዘን ነውና። ባለጆሮው ላይ ደግሞ የጆሮዎቹን ቁጥር ከ2 ወደ 4 ማሳደግ ጭነቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ ጊሩ ላይ ስንጥቆቹ ካሉ ወይም ሊፈለፈሉ ከቻሉ ነው።

ከላይ የታየው የ7 ሸራ ድርድር ሌላም ነገር ያስተምራል። ብረቱ ከ1 ወደ 0.75 ሚሊሜትር ሲሳሳ፣ ጠቅላላው ኃይል ሳይጨምር ለ8 ስለሚከፈል የእያንዳንዱ ድርሻም ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። በጆሮውና በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለው ጫና ስለዚህ አይለወጥም። ጫናው የሚያድገው በተጨመሩት ሸራዎች ተማምኖ ጠቅላላው ኃይል ከፍ ሲደረግ ነው፤ ያኔ የቁሳቁሱ ምርጫ ይወስናል። ናስ ሙቀትን ከተለመደው 304 ስቴንለስ ብዙ እጥፍ ያስተላልፋል፤ ለስላሳ ስለሆነ ግን ጆሮው ይታጠፋል። 304 ዝገትን ይቋቋማል፣ ጥንካሬው መካከለኛ ነው። በሙቀት የሚጠነክረው 17-4 የተባለው ስቴንለስ ለዘንግ ያዥና ለዘንጉ ራሱ ይበልጥ ተስማሚ ነው። አሉሚኒየም ቀላልና ሙቀት አስተላላፊ ቢሆንም ገጹ በቀላሉ ይፋቃል፤ በጨው ውኃም ከስቴንለስ ጋር ሲነካካ ይበላል።

የአሠራሩ መጀመሪያ ልኬት ነው። የጊሩ ጉድጓድ ጥልቀትና ዲያሜትር፣ የዘንጉ ዲያሜትርና የጠፍጣፋ ጎኖቹ ርቀት፣ የጆሮ ስንጥቆቹ ስፋት፣ የአሮጌው ድርድር ጠቅላላ ቁመት በካሊፐር ይለካሉ። አሮጌው ሸራ የተጨመቀ ስለሆነ በእሱ ውፍረት ብቻ መመራት ያሳስታል። የሸራው ጠርዝ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር እንዳይፋተግ ዲያሜትሩ በ0.2 ወይም በ0.4 ሚሊሜትር ያንሳል። ጆሮው ግን በስንጥቁ ውስጥ ሰፊ ክፍተት ሊኖረው አይገባም፤ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ በእያንዳንዱ መንጨቅ ጊሩን እንደ መዶሻ ይመታል።

ብረቱን በውኃ ግፊት መቁረጥ ጠርዙን አያሞቅም። በሌዘር የተቆረጠው ደግሞ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ቅርፊት በሊማ መነሣት አለበት። ቶርኖ ላይ የሚሠራ ሰው ብዙ ቁራጭ ላሜራዎችን በሁለት ወፍራም ብረቶች መካከል አጣብቆ በአንድ ጊዜ ሊያከብባቸው ይችላል፤ ስሶቹ ሳይታጠፉ እኩል ልክ ይወጣሉ። የካርቦን ሸራም በተመሳሳይ ተጣብቆ ሲቆረጥ ጠርዙ አይፈታም። አቧራው ሳንባንና ቆዳን ስለሚጎዳ እየረጠበ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ተደርጎ ይቆረጣል። ከዚያ ብረቱ በወፍራም መስተዋት ላይ በተዘረጋ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም በ600 ይፈገፈጋል። ፍግፈጋው መሐሉን ዘልሎ ዳር ዳሩን ብቻ ካበራ ሮንዴላው ጠፍጣፋ አይደለም ማለት ነው። ጠማማ ሮንዴላ በአንድ ዙር ውስጥ እየጠበቀና እየላላ ስለሚሄድ ምርጡን ሸራ ዋጋ ያሳጣዋል። በመጨረሻ ጠርዞቹ ሁሉ በስሱ ይደነዝዛሉ፤ ስለታም ጠርዝ ካርቦኑን እንደ ቢላዋ ይልጠዋል።

ሲገጣጠም ብረቶቹ በአልኮል ይጸዳሉ፤ ካርቦኑም ለፍሬን በተዘጋጀ ግራሶ በስሱ ይቀባና ትርፉ ይጠረጋል። ግራሶው የመያዝ አቅሙን ጥቂት ይቀንሳል፤ በምላሹ አነሣሡን ያለሰልሳል፣ የባሕር ውኃም ብረቱን እንዳያዝገው ይከላከላል። ከድርድሩ በላይ የሳህን ቅርጽ ያላቸው የሞላ ሮንዴላዎች ይቀመጣሉ። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገጠሙ የመጭመቂያው ርቀት እጥፍ ስለሚሆን ኮከቡ በጥቂት በጥቂቱ ሊስተካከል ይችላል። አንዱ በሌላው ላይ በአንድ አቅጣጫ ሲደረደሩ ግን ርቀቱ ሳይጨምር ጭነቱ እጥፍ ይሆናል። ለስላሳ ማስተካከያ የሚፈልግ የመጀመሪያውን፣ ከባድ ጭነት የሚፈልግ ሁለተኛውን ይመርጣል።

የተጠናከረ ፍሬን ድክመቱን ወደ ቀጣዩ ክፍል ያሻግራል። የዘንጉን ወደ ኋላ መዞር የሚገታው ምላስ ሙሉውን 7.1 ኒውተን ሜትር ብቻውን ይሸከማል። ከመሐል በ10 ሚሊሜትር ርቀት የሚነክስ ከሆነ በጫፉ ላይ ከ700 ኒውተን በላይ፣ ማለትም ከ70 ኪሎ በላይ ያርፍበታል። ከበሮው ሙሉ ሳለ ውጥረቱ ከ6 ወደ 9 ኪሎ ከፍ ሲደረግ ይህም ከ100 ኪሎ ያልፋል። ምላሱ ከተሰበረ እጀታው እንደ ጥንቱ ወደ ኋላ ተሽከርክሮ ጣት ይሰብራል። ስለዚህ ፍሬኑን ከማጠናከር ጋር ሁለተኛ ምላስ መጨመር፣ ዘንጉ የናስ ከሆነ በስቴንለስ መተካት፣ የጊሩን ጥርስና የሪሉን አካል መመርመር አብሮ ይሄዳል። አካሉ የማይሸከመውን ኃይል ለፍሬኑ መስጠት አይጠቅምም።

የተሠራው ሁሉ የሚረጋገጠው በሚዛን ነው። ክሩ በባለሞላ ሚዛን ላይ ታስሮ በዝግታና በእኩል ፍጥነት ይጎተታል፤ የሚነሣበት ቁጥርና እየሄደ የሚያሳየው ቁጥር ተለይተው ይመዘገባሉ። ሁለቱ ከተራራቁ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ፣ የደረቀ ሸራ ወይም ጠማማ ብረት ነው። እየሄደ ያለው ቁጥር በየዙሩ ከፍ ዝቅ ካለ ጥፋቱ በጠፍጣፋነት ላይ ነው። ከዚያ ብዙ ሜትር ክር ያለማቋረጥ ተጎትቶ ፍሬኑ ከሞቀ በኋላ ልኬቱ ይደገማል፤ ከበሮው ግማሽ ሲደርስም እንዲሁ። በተለመደው ልምድ ፍሬኑ ከበሮው ሙሉ ሳለ ከክሩ አቅም አንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ባለው ላይ ይስተካከላል። የምሳሌው ሪል በ6 ኪሎ እንዲለቅ ከተፈለገ ክሩ ቢያንስ 18፣ ይሻላል ከተባለም 24 ኪሎ የሚችል መሆን አለበት። ያኔ ከበሮው ሳስቶ ውጥረቱ 9 ኪሎ ሲደርስ እንኳ ቋጠሮው ትርፍ አቅም ይኖረዋል። ሥራው ሲያበቃ ሪሉ በንጹሕ ውኃ በስሱ ይታጠባል፤ ውኃው ወደ ሸራዎቹ እንዳይሰርግ ኮከቡ እስከዚያ ድረስ ጠብቆ ይቆያል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ይላላል፤ ሞላዎቹም ሆኑ ሸራዎቹ ተጨምቀው መክረም የለባቸውም።